በአስካለ ስም ወደ ድሬዳዋ

የእድራችን ሴቶች ከመሄዴ በፊት "እኛ መቼም አንሄድ፣ ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪልን" ብለውኝ ነበር። እሺ ብያለሁ። ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ዛፉም፣ ስለ ሰዉ ደግነትም እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ትዕግሥት ስለምትባል ሴት መናገር አለብኝ። ትዕግሥት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተሳፋሪ የምትፈትሽ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በእኔ እጅ በነበረች አንዲት ወረቀትና ከእኔ አፍ በወጣ ቃል ምክንያት ከሥራዋ ታገደች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስለ ድሬዳዋ ፓፓያ ሳወራም ቢሆን ሆዴ ውስጥ ያለችው እሷ እንደሆነች እወቁልኝ።

የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጽፍም። ስም ከጻፍኩ ወረቀቱን ይዘው ከሁሉ በታች ያለውን ሰው ይፈልጋሉ። ልማዳቸውን አይቻለሁ።

ረቡዕ

የጉዞው ምክንያት የብርሃኔ ባል የጋሽ ታደሰ አርባ ነው። ብርሃኔ ካዛንቺስ ሳለን አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተጎራበትኳት ሴት ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ፤ እሷና ባሏ ወደ ትውልድ ቤቱ ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ጋሽ ታደሰ ሲሞት ጉልበቴ አሞኝ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ለአርባው ግን በአራት እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ አልኩ። እድሩ እኔንና አስካለን ወከለ። አውቶቡሱን ጉልበቴ ስለማይችለው ልጄ ማርታ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልን።

አስካለ ማለት የእድራችን ጸሐፊ ናት። ቀጭን፣ ቀይ፣ ረጅም ሴት ናት፤ ከአፏ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ነው። እኔ አጭር፣ ጠይም፣ ወፍራም ነኝ። አፌን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ይህን መልካችንን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልጋል።

ማርታ ማታ ከሥራ ደውላ "እማዬ፣ ቼክ ኢን አድርጌላችኋለሁ፤ ሂሩት ጋ ሄደሽ ወረቀቱን አሳትሚ" አለችኝ። ሂሩት ካዛንቺስ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ሱቆች በአንዱ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴት ናት። ጎተራ ፎቶ ኮፒ ሞልቷል፤ እኔ ግን ስሜን የሚያውቅ ሰው ጋ ካልሆነ ወረቀት አላስነሳም።

"እትዬ ዘነበች፣ ቦርዲንጋችሁ መጥቷል" አለችኝ፣ ገና ከበሩ ሳልገባ።

"ምኑ?"

"መሳፈሪያችሁ። ማርታ በቴሌግራም ልካዋለች። በቃ፣ ነገ ዝም ብላችሁ ወደ ውስጥ መግባት ነው።"

"ማን ሳያየን?"

"ቼክ ኢን ተደርጓላ።"

"እኔ እዚህ አንቺ ፊት ቆሜ፣ እዚያ ገብቻለሁ ነው የምትይኝ?"

"ማለቴ፣ ሲስተሙ ላይ ገብተዋል።"

የመጀመሪያው ወረቀት መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞበት ወጣ። ሂሩት "ቀለሙ ነው" ብላ እግሯ ሥር ወዳለ ካርቶን ወረወረችውና እንደገና አተመች። ካርቶኑ የተበላሸ ወረቀት የሚጠራቀምበት ነው። ምን ይሆናል ብላት፣ በሩ ላይ የምትቀመጠው ቆሎ ሻጭ መጠቅለያ ታደርገዋለች አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። የሰው መሳፈሪያ፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ፣ አንዱ ደግሞ ፎቶው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ፓስፖርት። አሁን የወረወረችውን የእኛን የተበላሸ ወረቀት ከላይ አንስቼ ቀዳደድኩት።

"ኧረ እትዬ፣ ማን ይፈልገዋል?" አለች ሂሩት እየሳቀች።

ማን እንደሚፈልገው አላውቅም። የሚፈልገው ሰው ካለ ግን ከነቆሎው ያገኘዋል።

እድርተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለቅሶ ስንሄድ የሁላችንም ነገር በአንዲት ሴት እጅ ነው የሚያዘው። አምስት ሴት ብንሄድ አምስት ቦርሳ አይከፈትም። ስለዚህ ሁለቱም ወረቀቶች አስካለ ቦርሳ ውስጥ ገቡ። ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋታችንን አልክድም። ሁለታችንም በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ያነበብን ነን። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ከቁጥሩ በቀር ለእኛ ሐረግ ነው።

ሐሙስ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማርታ በስልክ በጠራችው ታክሲ ሄድን። ሽሮና በርበሬ የያዘች አንዲት ዘንቢልና አንድ አንድ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነበረን።

መጀመሪያው በር ላይ አስካለ ቦርሳዋን ከፍታ አንዱን ወረቀት ለእኔ ሰጥታ አንዱን ለራሷ ያዘች። መታወቂያችንን አወጣን። በሩ ላይ ያለው ሰው የወረቀቱን ጥቁር ነጠብጣብ በመሣሪያ ነካው፤ ጢጥ አለ። መታወቂያዬን ከፍ አድርጌ ላሳየው ስል "ይግቡ እማዬ፣ ሰው አያስቁሙ" አለኝ።

ከስንት ዓመት በፊት ጎንደር ስሄድ እንዲህ አልነበረም። ገና እንደገባሽ አንዲት ልጅ ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ ትጠብቅሻለች። መታወቂያሽን ትቀበላለች፣ ፊትሽን ታያለች፣ ሻንጣሽን ትመዝናለች፣ ከዚያ መሳፈሪያውን እዚያው አውጥታ ከመታወቂያሽ ጋር ደርባ በእጅሽ ትሰጥሻለች። እኔንና ወረቀቴን የምታገናኝ እሷ ነበረች። ባንኮኒው አሁንም አለ፤ ወደዚያ ስንሄድ ግን አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው "ቦርዲንግ አላችሁ አይደል? ሻንጣ ከሌላችሁ በቀጥታ እለፉ" ብሎ አዞረን። አለፍን።

ፍተሻው ጋ ጫማ አውልቁ ተባለ። ጫማዬ ማሰሪያ አለው፤ ጉልበቴ ደግሞ አይታጠፍም። ግድግዳ ይዤ ስታገል ከኋላዬ ያለው ሰልፍ መነጫነጭ ጀመረ። አንዱ "ማዘር፣ አውሮፕላን ሊያመልጠን ነው" አለ። ያኔ ነው ትዕግሥት የመጣችው። ከማሽኑ ጀርባ ወንበር ጎትታ አመጣች።

"እማዬ፣ ይቀመጡ። እኔ እፈታልዎታለሁ።"

በርከክ ብላ የሁለቱንም ጫማ ማሰሪያ ፈታችልኝ። አለቃዋ ከወዲያ ሆኖ "ትዕግሥት፣ ወንበሩን ከመስመሩ አውጪው" አላት። "ታዲያ ቆመው ይውደቁ?" አለችው ቀና ሳትል። ነጠላዬ፣ ቦርሳዬና መሳፈሪያዬ በሳህን ሆነው ወደ ማሽኑ ገቡ። መታወቂያዬ እጄ ላይ ነበር። ተቀበለችኝ፣ ፎቶውን አየች፣ ፊቴን አየች።

"ፎቶው ላይ ተቆጥተዋል" አለችኝ።

"በአካልም ያው ነኝ።"

ሳቀች። ሲያልቅ ማሰሪያውን መልሳ አሰረችልኝ። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የሆነው በእግሬ ላይ ነው። መታወቂያዬን አይታለች።

መጨረሻው በር ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ማሽን ላይ አሳረፈች። አረንጓዴ በራ። "መልካም ጉዞ" አለችኝ፣ ዓይኗ ከማሽኑ ሳይነሳ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበራችን ጠፋን። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ መነጽር ያደረገ ሰው፣ አስተማሪ ነው መሰለኝ፣ ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበልኝ።

"አሥራ አራት ኤ፣ መስኮቱ ጋ ነዎት፣ ወይዘሮ አስካለ።"

"አስካለ እሷ ናት።"

የእሷንም አየው። "እርስዎ ደግሞ ዘነበች ነዎት ይላል" አለና መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። "እንዴት አለፋችሁ?"

አስካለ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። "ዝም በይ። ይኸው ተቀምጠናል።"

"እኔ አንቺን ሆኜ ነው እኮ የመጣሁት።"

"ታዲያ ምን ጎደለብሽ?"

"በአንቺ ወረቀት እኔ ከገባሁ፣ በእኔ ወረቀት ማንም ይገባል። ያንን የሂሩትን ካርቶን አላየሽም። ከቆሎ ሻጯ ሁለት ጥቅል የገዛ ሰው እዚህ አጠገቤ ሊቀመጥ ይችላል።"

"ዘነበች፣ ለአርባ ነው የምንሄደው። ለአርባ።"

መታገስ አልቻልኩም። አስተናጋጇን ጠርቼ ነገርኳት። ልጅቷ ወረቀቶቹን አቀያየረችልንና "ችግር የለውም እናቴ፣ ሁለታችሁም ዝርዝሩ ላይ አላችሁ" ብላ ውኃ ሰጠችኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። እኔ ነኝ "ችግር ነው እንጂ፣ ለአለቆችሽ ንገሪልኝ፣ ይጻፍ" ያልኳት።

ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ክዳን ፊታችን ላይ ተከፈተ። ሬድዮ የያዘ አንድ ሰው ደረጃው ሥር ይጠብቀናል። ወደ ቢሮ አስገባን። ውኃ አቀረበልን፣ ማራገቢያውን ወደ እኛ አዞረው፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ወረቀቱን ማን አተመው፣ ማን ያዘው፣ ማን ፈተሸሽ።

"ማንም አልፈተሸኝም ማለት ነውር ነው" አልኩት። "አንዲት ትዕግሥት የምትባል ሴት ወንበር አምጥታ በደንብ ፈትሻኛለች። እንደ እሷ ያለ ሰው ይብዛላችሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጥፋቱ ወረቀቱን ከሰውዬው ጋር የሚያገናኝ ሰው ማንሳታችሁ ነው።"

እሱ ይጽፋል። ውጭ የብርሃኔ የወንድም ልጅ ይዞ የመጣው ባጃጅ ክላክስ ያሰማል። አስካለ "ፈርሚና እንሂድ" ትላለች። ፈረምኩ። ሳላነብ ፈረምኩ። በእድር ስብሰባ ላይ ሳያነብ የፈረመውን ሁሉ ቁም ስቅሉን የማሳይ ሴት፣ የእኔን ቃል በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ፣ ሳላነብ ስሜን ከሥሩ አኖርኩ።

ዓርብ

የብርሃኔ ቤት ጥንት የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ ሰፈር ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት። ድሬዎች በቀን ቤት ይገባሉ፣ በምሽት ከቤት ይወጣሉ። እኛ ካዛንቺስ ፀሐይ ስትወጣ ነበር ወንበር ይዘን ደጅ የምንቀመጠው፤ እነሱ ከፀሐይ ይሸሻሉ። አልጋ ግቢ ውስጥ ዘርግተውልን ከዛፉ ሥር አደርን። ጎተራ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ሦስት ጊዜ ቆልፌ ከምተኛው ይልቅ፣ በር በሌለው ግቢ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጎረቤቶቹ ስማችንን ሳይጠይቁ ምግብ ያመጡልን ነበር። አንዷ የሐረር ተወላጅ የሆነች ሙስሊም ጎረቤት ጾም መሆኑን አስታውሳ ፓፓያ ቆራርጣ ሎሚ ጨምቃበት ላከች። ሳህኑን ልመልስ ብሄድ ሌላ ሳህን አሸክማ መለሰችኝ። አስካለ "እዚህ አገር ሳህን መመለስ አያዋጣም" አለች፤ በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ነው።

ብርሃኔ ከስታለች። ለቀብሩ ያልደረስኩበትን ይቅርታ ስጠይቃት እጄን ይዛ "መጣሽ አይደል" ብቻ አለችኝ። ስለ ወረቀቱ ስነግራት ግን ሐዘኗን ትታ ሳቀች።

"ታደሰ ቢሰማ በአንቺ ነበር የሚያሾፈው" አለች።

ጋሽ ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ በለገሃር ባቡር ትኬት ሲበሳ የኖረ ሰው ነው። ትኬቱ ጠንካራ ካርቶን ነበር፤ ስም እንኳ አልነበረበትም። እሱ ግን ትኬቱን በእጁ እየበሳ ዓይኑ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው።

"አንድ ጊዜ" አለች ብርሃኔ፣ "አንዱ ሰውዬ ሞጆ ላይ የወረደ ሰው ትኬት ይዞ ተቀመጠ። ታደሰ አየውና 'እዚህ የነበረው ሰው ቁርጥማት አለበት፣ እግሩን ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው፤ አንተ አጥፈሃል' አለው።"

"አወረደው?"

"ኧረ ምን ያወርደዋል። አዋሽ ሲደርሱ ሰውዬው ራሱ አፍሮ ትኬት ገዛ።"

ስም የሌለበት ካርቶን የያዘ ሰውዬ ታወቀ። እኔ ስሜ፣ ቁጥሬ፣ ወንበሬ፣ ምኑ ቅጡ የተጻፈበት ወረቀት ይዤ ሦስት በር ስሻገር አልታወቅሁም። ዓርብ ማታ ያናደደኝ ይህ ነው። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ሁሉ ለእነሱ አንድ ናት።

ቅዳሜ

አርባው በሰላም ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ጠዋት፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ድንኳን። የእድራችንን መልእክት እኔ ተናገርኩ። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ቀን በአንድነት የተቀመጥን አልመሰለኝም፤ ሁለት ሴቶች ብንሆንም ሰፈሩ ሙሉ የመጣ ነበር የሚመስለው።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያውን ለማየት ወጣን። የባጃጁ ሹፌር ጉልበቴን አይቶ ከበሩ እስከ ጥላው ያለችውን ሃያ እርምጃ እንኳ በእግሬ አላስኬድ ብሎ ባጃጁ እንዲገባ ጥበቃውን ለመነልኝ። ጣቢያው ከለገሃር ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ያው ሰዓት፣ ያው ግድግዳ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ጋሽ ታደሰ ነው።

እሑድ

የመመለሻውን ወረቀት የብርሃኔ ጎረቤት አሳተመችልን። በዚህኛው ቀን እያንዳንዳችን የራሳችንን ያዝን፤ በየወረቀታችን ጀርባ ላይ ስማችንን በአማርኛ በእስክርቢቶ ጻፍንበት። ድሬ በር ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን ከመታወቂያው፣ መታወቂያውን ከፊታችን አያይዞ እስኪበቃው አየን። ደስ አለኝ። ተማሩ አልኩ።

ያ ሬድዮ ያለው ሰው ከሩቅ አይቶኝ እየሳቀ መጣ።

"እናቴ፣ ጉዳይዎ በከንቱ አልቀረም። እርምጃ ተወስዷል።"

"ባንኮኒው ተመለሰ?"

"የቱ ባንኮኒ? አይ፣ ፈታሿ ታግዳለች። ያቺ ወንበር ያመጣችው።"

ጆሮዬን አላመንኩም። የፈረምኩትን አሳየኝ አልኩት። ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶት ነበር፤ አጉልቶ አሳየኝ። "ትዕግሥት የተባለችው ፈታሽ ከወንበር ጋር ስትታገል መታወቂያዬን ሳታይ አሳልፋኛለች" ይላል። ከሥሩ ዘነበች ብሎ ፊርማዬ።

"እንዲህ አላልኩም።"

"ፍሬ ነገሩ ነው የተጻፈው እናቴ። ፊርማው ደግሞ የእርስዎ ነው።"

"መታወቂያዬን ያየች እሷ ብቻ ናት። አንደኛው በር ወረቀቱን አየ፣ እሷ መታወቂያዬን አየች፣ ሦስተኛዋ አረንጓዴውን መብራት አየች። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው የለም፤ እይ የተባለም ሰው የለም። ከሦስቱ ፊቴን ያየችውን ነው የቀጣችሁት?"

ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። እሱ የሚያደርገው ነገር የለም አለ። ፈታሾቹ የአንድ የግል ጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ቅሬታ ካለኝ ቢሮው አዲስ አበባ ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ የሚለውን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። ካዛንቺስን እንኳ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

በበረራው ላይ አስካለ "እኔ ነኝ ፈርሚ ያልኩሽ" አለች።

"እጁ የእኔ ነው።"

"ማክሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ማክሰኞ

ሰኞ ጉልበቴ አላስነሳኝም። ማክሰኞ ከጎተራ በሚኒባስ ለገሃር ወርደን፣ ከዚያ ሌላ ይዘን ካዛንቺስ ገባን። ሚኒባሱ ውስጥ "መታወቂያሽን ስጪኝና የእኔን ያዢ" አልኳት።

አስካለ ትክ ብላ አየችኝ። "ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ባለፈው ሳናውቅ ያደረግነውን፣ ዛሬ አውቀን።"

"ብንታሰርስ?"

"ከታወቅን እንታሰራለን። ከታወቅን ሥራቸውን ያውቁታል ማለት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ እመለሳለሁ።"

ነጠላችንን እንደ ወትሮው ተከናነብን። ሕንፃው መስተዋት ብቻ ነው። በሩ ላይ መታወቂያችንን ተቀብለው መዝገብ ላይ ጻፉንና አንገታችን ላይ በየመታወቂያው ስም የተጻፈበት የእንግዳ ካርድ አንጠለጠሉልን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊዋ መታወቂያዎቹን ወስዳ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ክራቫት ያሰረ፣ ትሁት ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሰጠን። መታወቂያዎቹን አንስቶ አየና በአንገታችን ካርድ ስም መሠረት አንዱን ወደ አስካለ፣ አንዱን ወደ እኔ ገፋ።

"ወይዘሮ ዘነበች" አላት አስካለን፣ "ቃልዎን አንብቤዋለሁ። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን።"

አስካለ አንገቷን ደፋች። እኔ ነኝ የመለስኩት።

"ያ ቃል ስህተት ነው። ሴትየዋ መታወቂያውን አይታለች። ወደ ሥራዋ መልሷት።"

"ወይዘሮ አስካለ፣ ሐዘኔታዎ ይገባኛል። ግን ፎቶና ፊት ማመሳከር የሥራችን ሀ ሁ ነው። ይህን ያላደረገ ሠራተኛ እኔ ጋ ቦታ የለውም።"

"ያላደረገ ሁሉ?"

"ያላደረገ ሁሉ።"

"የእኛን መታወቂያ አይተሃል?"

"አሁን አየሁት እኮ።"

"በደንብ?"

"በርም ላይ ተረጋግጧል፣ እኔም አይቻለሁ።"

"እንግዲያው እኔ ማን ነኝ?"

ፈገግ አለ። "ወይዘሮ አስካለ።"

"ዘነበች ነኝ፣ ልጄ።"

አስካለ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ቀይ፣ ረጅም፣ ቀጭን። ከእሷ ፊት ጠረጴዛው ላይ የእኔ ክብ ጠይም ፊት ተቆጥቶ ያየዋል። ሰውዬው አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ወደ እኛ አየ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

"በሩ ላይ ማን ነው ያለው?"

እጄን ስልኩ ላይ ጫንኩት። "በሩን ተወው። ጠረጴዛህ ላይ ነው ያለው።"

ስልኩን አኖረ።

ወረቀትና እስክርቢቶ ጠየቅሁት። አዲሱን ቃል ለማንም አላስጻፍኩም፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ ፊደል ጻፍኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እሱ ስብሰባ አለኝ አለ፤ ጠብቀን አልነው፤ ጠበቀ። የጻፍኩት ይህ ነው፦ ወረቀቶቹን ያቀያየርነው እኔና አስካለ ነን። ትዕግሥት መታወቂያዬን አይታ ከፊቴ ጋር አመሳክራለች፤ ወረቀቱ ያኔ ማሽን ውስጥ ነበር። ወረቀት በየሰዉ ቤትና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይታተም ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ የተበላሸው ቆሎ ይሸጥበታል። ድሮ ወረቀቱን ከሰውዬው ጋር የምታገናኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን አነሳችሁና የእሷን ሥራ ለማንም ሳትሰጡ ቀራችሁ። ለማንም ያልተሰጠ ሥራ አልሠራሽም ተብሎ ሰው አይባረርም። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ፈረምኩ። አስካለም ከሥሬ ፈረመች። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩና ዋናውን ለጸሐፊዋ ከመስጠቴ በፊት ቅጂውን ሂሩት ጋ አስነሳሁ፤ የተበላሸ ወረቀት እንዳይቀር ማሽኑ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ በኋላ

ሁለት ሳምንት ዝም አሉኝ። ትናንት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"እማዬ፣ ትዕግሥት ነኝ። ያቺ ማሰሪያ የፈታችልዎት። ዛሬ ሥራ ገባሁ።"

ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጆቿን ጠየቅኋት፤ እናቷ ጋ ልካቸው እንደነበርና እንደተመለሱ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ያደረችበትን ጭንቅ አልነገረችኝም፤ እኔም ሳትነግረኝ ሰማሁት።

"አዲስ መመሪያም ወጥቷል" አለችኝ።

"ምን ይላል?"

"አንዱ፣ ወረቀቱና መታወቂያው ማሽን ውስጥ ሳይገቡ በአንድ እጅ ተይዘው ይታዩ ይላል።"

"ጎሽ። ሰው ጨመሩላችሁ?"

"አልጨመሩም። ያው እኛው ነን።"

"ሌላውስ?"

"ፍተሻው ጋ ወንበር እንዳይቀመጥ ይላል። ሐሳብ ይበትናል ተብሎ። መጋዘን አስገቡት።"

እንግዲህ፣ ያየሽውን ጽፈሽ አምጪልን ያላችሁኝ እህቶቼ፣ ድሬዳዋ ደግ አገር ናት። ፓፓያዋ ጣፋጭ ነው፣ ዛፏ አልተቆረጠም፣ ብርሃኔ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። የምትሄዱ ካላችሁ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ፣ ወረቀታችሁን በየራሳችሁ እጅ ያዙ። እኔ ነገ ጠዋት ስለ ወንበሩ ካዛንቺስ እሄዳለሁ። በገዛ ስሜ።